የሚከራይ ጀርባ

ተጨዋቾቹ ሁለት ናቸው። ባለበቅሎው ከላሊበላ ከተማ ወደ አሸተን ማርያም ለሚወጣ እንግዳ በቅሎ ያከራያል፤ ዕድሜው ገፋ ያለ፣ ኮርቻ በመጠገንም በሰፈሩ እጁ የታወቀ ሰው ነው። ባለጀልባው የእህቱ ልጅ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ ሞተር ጀልባ፣ የፕላስቲክ ካያክ፣ እንዲሁም በአየር ተነፍቶ ላዩ ላይ ቆመው የሚቀዝፉበትን ፓድልቦርድ ያከራያል። ለገና መጥቶ አጎቱ ቤት አርፏል። ጨዋታው አመሻሽ ላይ፣ በቅሎዎቹ ከተራራው ሲመለሱ፣ በረት ደጃፍ ላይ የተደረገ ነው። አንዱ የሚያከራየው ገብስ ይበላል፣ ሌላው የሚያከራየው አይበላም፤ ከዚያ በቀር ጣጣቸው አንድ ይመስለኛል።

ባለጀልባው፦ ጋሼ፣ ቡላዪቱ ደክሟታል እኮ። ኮርቻውን ላውርድላት?

ባለበቅሎው፦ ተው፣ እጅህን ሰብስብ! ጠፍሩን አላላላት እንጂ ኮርቻውን አትንካው። መጀመሪያ ትንፋሿ ይውረድ።

ባለጀልባው፦ ሸክሙን ቶሎ ማንሳት አይሻልም?

ባለበቅሎው፦ ለሚያየው ሰው ይሻላል፤ ለቆዳዋ አይሻልም። ኮርቻው የተጫነው ሥጋ መንገዱን ሁሉ ደም እንደልቡ ሳያገኝ ነው የቆየው። ባንዴ ብትገፍፈው ደሙ ተንደርድሮ ይመለስና እዚያው ያብጣል። ጠፍሩን አላልተህ ትንሽ ካቆምካት ቀስ እያለ ይመለሳል። የድሮ ፈረሰኛ ሁሉ ይህን ያውቃል። የዛሬ ልጆች ይቸኩላሉ፤ ሌላ እንግዳ ይጠብቃቸዋላ! በል አሁን አውርደው። ግላሱንም ግለጠው። ምን ታያለህ?

ባለጀልባው፦ ላብ ነው። ጀርባዋ በሙሉ ረጥቧል። እዚህ፣ ከትከሻዋ ከፍ ብሎ ያለው ጉብታ ላይ ብቻ ደርቋል፤ መዳፍ የምታህል ቦታ።

ባለበቅሎው፦ እና መድረቁ ደግ ነው ክፉ?

ባለጀልባው፦ ደግ ነዋ። ያልደከመ ቦታ ነው።

ባለበቅሎው፦ እሱ ነው ክፉው። ዙሪያው ሁሉ አልቦ እዚያ ብቻ ከደረቀ፣ ኮርቻው አጥብቆ ስለተጫነው ላቡ መውጫ አጥቷል ማለት ነው። ዛሬ ቁስል የለም፤ ብትዳስሳትም ዝም ትላለች። ነገ ጠዋት ያቺ ቦታ ትሞቃለች፣ ታብጣለች። በዚያው ኮርቻ ደግማ ብትወጣ ጸጉሩ ይላጣል፤ ብትሰልስ ገጣባ ሆነች። የጎረቤቴን በቅሎ ጀርባዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አላየህም? መልኳ እንዳይመስልህ። ቁስሉ ሲድን የጸጉሩ ሥር ተጎድቶ ስለቀረ ነጭ ሆኖ ነው የበቀለው። በቅሎ ገዢ መጀመሪያ የሚያየው እዚያ ነው፤ የቀድሞ ጌታዋ ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ያውቅበታል።

ባለጀልባው፦ አሁን ባያዩትስ ኖሮ?

ባለበቅሎው፦ ላቡ ደረቀ፣ ምስክሩ ጠፋ። ትንሽ ብንዘገይ ጀርባዋ ሁሉ እኩል ነው የሚመስለው። አንተ ጀልባህን መቼ ነው የምታየው?

ባለጀልባው፦ ጠዋት፣ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት።

ባለበቅሎው፦ ለምን ጠዋት?

ባለጀልባው፦ ማታ ደክሞን ሁሉም ወደቤቱ ይሮጣል። ጣና ላይ ንፋሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ደንበኞቹም ማዕበሉን ሸሽተው ባንዴ ይመለሱብናል። ያን ጊዜ ሒሳብ መቀበል ነው፣ ዕቃ መሰብሰብ ነው፤ ግርግር ነው።

ባለበቅሎው፦ እና ጠዋት ምን ታያለህ?

ባለጀልባው፦ የደረቀ ጀልባ... ገባኝ፣ ጋሼ። ካያክ ሆዱ ባዶ ነው። ከታች ተሰንጥቆ ከሆነ ውሃው ወደዚያ ሆድ ይገባል፤ ላዩ ላይ የተቀመጠው ሰው የሚያውቀው ጀልባው ከብዶ መንገዋለል ሲጀምር ነው። ሲመለስ ውታፉን ነቅለን ብናዘነብለው ምን ያህል ውሃ እንደገባ እናያለን። ትንሽ ከሆነ የመቅዘፊያ ፍንጣቂ ነው፤ ባልዲ ከሞላ ግን ስንጥቅ አለ። እኛ ግን ውታፉን ነቅለን እንገለብጠውና እንሄዳለን። ሌሊት ይንጠፈጠፋል፤ ጠዋት ደህና ነው።

ባለበቅሎው፦ ሲሄድማ ሁሉም ደህና ነው። ሲመለስ ደግሞ የያዘው ሰውዬ ገና እዚያው ቆሟል። ድንጋይ ላይ ጎትተኸው ነበር? ኮርቻው ዞሮብህ ነበር? ብለህ ትጠይቀዋለህ። ጠዋት ማንን ልትጠይቅ ነው?

ባለጀልባው፦ ጥያቄውን አይወዱትም። ካሣ ሊያስከፍለኝ ነው ብለው ይሸሻሉ።

ባለበቅሎው፦ አነሳሱን እወቅበት። «ሰበርክብኝ ወይ?» ካልከው ይምልልሃል። «ደህና ወሰደችህ? አላስቸገረችህም?» በለው፤ የት ላይ እንደተንሸራተተ፣ የት ላይ እንደፈራ ሁሉንም ዘርግፎልህ ይሄዳል። እንግዳ የደረሰበትን ማውራት ይወዳል።

ባለጀልባው፦ እውነት ነው፣ ክፋት የላቸውም። የሕይወት አድን ጃኬቱን ብነግርዎ ያስቅዎታል። ወንበሩ ይቆረቁራል እያሉ ያወልቁና መቀመጫቸው ስር ያነጥፉታል። ውስጡ ያለው ስፖንጅ ሰው የሚያንሳፍፈው አየር ይዞ ነው፤ በየቀኑ ሰው ሲቀመጥበት እየተጨፈለቀ ይሳሳል። ሲያዩት ጃኬት ነው፤ ውሃ ላይ ግን አቅሙ ቀንሷል። ጨርቁንም ፀሐይ ትበላዋለች፤ ቀለሙ የለቀቀ ጃኬት ስፌቱን ሳብ ሲያደርጉት ይተረተራል። እኔ የምፈትነው ራሴ ለብሼ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ገብቼ ነው፤ አፍና አፍንጫዬን ከውሃ በላይ ካልያዘልኝ ከሥራ አወጣዋለሁ።

ባለበቅሎው፦ ትጥለዋለህ?

ባለጀልባው፦ ለመቀመጫ አደርገዋለሁ።

ባለበቅሎው፦ ከመቀመጫ ወደ ሰው ደረት እንዳይመለስ ብቻ! ገበያ ሲደራና ዕቃ ሲጎድል የተጣለ ሁሉ ይመለሳል።

ባለጀልባው፦ ማሰሪያውን ቆርጬ ነው የማስቀምጠው።

ባለበቅሎው፦ እንዲያ ነው እንጂ። እስቲ ያን ኮርቻ ወዲህ አምጣው፤ ገልብጠው። እህ... ይኸማ የቡላዪቱ አይደለም! የዳማዪቱ ኮርቻ ነው።

ባለጀልባው፦ ምን ለውጥ አለው? ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ?

ባለበቅሎው፦ ለአንተ ዓይን ነው አንድ የሆነው። ዳማዪቱ ጀርባዋ ሰፊ ነው፤ ይህ እንጨት ለእሷ ተብሎ ነው የተከፈተው። ቡላዪቱ ቀጭን ናት። ሰፊ ኮርቻ ቀጭን ጀርባ ላይ ሲጫን ወደ ታች ይሰምጥና ጉብታው ላይ ያርፋል። ያቺ ደረቅ ቦታ ከዚህ ነው የመጣችው። ነገሩ ምን መሰለህ? የቡላዪቱ ኮርቻ ጠፍሩ ተበጥሶ ይሆናል። በቅሎዋን የሚነዳው ልጅ ለእኔ ከመንገርና ከመስፋት ይልቅ ያረፈችውን የዳማዪቱን ኮርቻ አንስቶ ጭኖ ወጣ። እንግዳው ይጠብቃል፤ ወቅቱ ነዋ! በክረምት ቢሆን ተቀምጦ ይሰፋው ነበር።

ባለጀልባው፦ እኛ ጋም ያው ነው። የአንዱ ካያክ ውታፍ ይጠፋል፤ ልጆቹ ከሌላው ነቅለው ይወትፉለታል። የመቅዘፊያው መያዣ ቡሎን ሲላላ ከሌላው ፈትተው ያስሩበታል። ወቅቱ ሲያልቅ ቁጭ ብለን ስንቆጥር ግማሾቹ ሙሉ ናቸው፣ ግማሾቹ አካላቸው ተለቅሞ አልቋል። አንድ ዕቃ ተሰበረ አይባልም፤ ግን ጥቅምት ላይ በነበረን ቁጥር ውሃ ላይ አንወጣም።

ባለበቅሎው፦ ከአንዱ ነቅሎ ለሌላው መትከል ጥገና ይመስላል። ብልሽቱን ማዘዋወር ነው እንጂ። ውታፍ ምን ያህል ያወጣል?

ባለጀልባው፦ ምንም አያወጣ። ከአዲስ አበባ ቢታዘዝ ነው እንጂ ባሕር ዳር አይገኝም፤ ችግሩ እሱ ነው። መስከረም ላይ አንድ ከረጢት ሙሉ ገዝቶ ማስቀመጥ ነበር። በመስከረም ግን ገንዘብ የት አለ?

ባለበቅሎው፦ አየህ፣ እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንወድቀው። ክረምት ላይ ጊዜ አለ፣ ብር የለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ብር ይገባል፣ ጊዜ የለም። ዕቃው የሚያልቀው ደግሞ በዚሁ ጊዜ ባጣንበት ወራት ነው። እኔ እንግዳ ከከፈለኝ ላይ ለጠፍርና ለሞራ የሚሆነውን ያን ዕለት ማታ እለያታለሁ። ከቤት ወጪ ጋር ከተቀላቀለች አበቃላት።

ባለጀልባው፦ ሞራ ለምን?

ባለበቅሎው፦ ለቆዳው። የላስታ በጋ ደረቅ ነው፤ ላብ የጠጣ ጠፍር ፀሐይ ላይ ከተሰቀለ እንደ ቂጣ ይሰባበራል። በእርጥብ ጨርቅ ላቡን ትጠርጋለህ፣ ጥላ ውስጥ ታደርቀዋለህ፣ ከዚያ ሞራውን በእጅህ ሙቀት ታሸዋለህ። ታዲያ ሞራ የጠጣ ቆዳ አይጥ ይወዳል፤ ከመሬት ከፍ አድርገህ መስቀል ነው።

ባለጀልባው፦ ይህ ሰማያዊ ገመድስ ምንድነው? ሞራ የጠጣም አይመስል።

ባለበቅሎው፦ እሱን ተወው።

ባለጀልባው፦ አልተውም! የፕላስቲክ ገመድ ነው። ነጭ ብናኝ እየረገፈ ነው እኮ፤ ፀሐይ ጨርሳዋለች። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ጣና 1,800 ገደማ። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ፕላስቲክ የሚበላው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይበረታል። እኔ ካያኮቼን ጥላ ስር አሳድራለሁ፤ ይህ ገመድ ግን ዓመቱን ሙሉ ሜዳ ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ ቢበጠስስ?

ባለበቅሎው፦ የቆዳ ጠፍር ዋጋው ሰማይ ነክቷል፣ ልጄ። ገመዱ በየሱቁ አለ። ቆዳ ቆርጦ እንደሚገባም አውቃለሁ፤ ሲላብ አይለሰልስም፣ እንደ መጋዝ ይፈገፍጋል። ለዕቃ መጫኛ እንጂ ለሆዷ አላስርበትም።

ባለጀልባው፦ አሁን የታሰረው ሆዷ ስር ነው።

ባለበቅሎው፦ ነገ ይወጣል። አንተ ደግሞ ዓይንህ አያርፍም! ያ በአየር የሚነፋው ዕቃህ ደህና ነው? ባለፈው ፈነዳ ብለኸኝ ነበር።

ባለጀልባው፦ ፓድልቦርዱ? ጠዋት በብርዱ ድንጋይ እስኪመስል ይነፉታል፤ ካልጠነከረ ሰው ሲቆምበት ይጎብጣላ። ቀትር ላይ ደንበኛ ሲጠፋ ዳር ላይ አውጥተው ፀሐይ ላይ ይተዉታል። ውስጡ ያለው አየር ሲግል ይሰፋል፤ መውጫ የለውም፤ የተጣበቀበት ጠርዝ ይላቀቃል። ውሃ ላይ እያለ ከታች ሐይቁ ያበርደዋል፤ የሚጎዳው ሥራ ፈትቶ ሲሰጣ ነው። ከውሃ ሲወጣ ትንሽ አየር ማስተንፈስ ወይም ጥላ ውስጥ ማስገባት ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። የፈነዳውን ጎሚስታ ጋ ወሰድነው። የካላማዳሪ ማስቲሽ ቀባበት፤ ያን ዕለት ያዘ፣ በማግስቱ ተላጠ። የመኪና ካላማዳሪ ጎማ ነው፣ ይህ ፕላስቲክ ነው፤ ማስቲሹ የራሱ ነው። ጎሚስታው ምን ያድርግ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ከዚያ በፊት አይቶ አያውቅ።

ባለበቅሎው፦ ደንገሉ ይሻልህ ነበር።

ባለጀልባው፦ ታንኳ? ታንኳም እኮ እረፍት ትፈልጋለች። ወይጦዎቹ የሚያስሯት የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣች ትከብዳለች፤ ከጉዞ ስትመለስ ከሐይቁ አውጥተው ያቆሟታል፣ ውሃው ወርዶላት ትደርቃለች። ሳትደርቅ ደጋግመው ከቀዘፏት ቶሎ ትበሰብሳለች። እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ሌላ ማሰር ነው። የጣና ደንገል ግን ውቅያኖስ አይቷል፣ ያውቃሉ? ቶር ሄየርዳል የሚባል የኖርዌይ ሰው በፈረንጅ 1969 ከጣና ደንገል አስጭኖ ግብፅ ላይ ትልቅ ጀልባ አሠራ፤ ሠሪዎቹን ያመጣው ከቻድ ሐይቅ ነበር። ራ ብሎ ሰየማትና ከሞሮኮ ተነስቶ አትላንቲክን ሊያቋርጥ ወጣ።

ባለበቅሎው፦ ደረሰ?

ባለጀልባው፦ አልደረሰም፤ ብዙውን መንገድ ከተጓዘ በኋላ ጀልባዋን ትቶ ወጣ። በጥንት ግብፃውያን ሥዕል ላይ የጀልባውን የኋላ ጭራ ከወለሉ ጋር ወጥሮ የሚይዝ ገመድ አለ። ጥቅሙ ስላልገባቸው ሳያስሩት ቀሩ። ኋላዋ ቀስ በቀስ እየዘቀጠ ማዕበሉ ገባባት። በሚቀጥለው ዓመት ራ ሁለት ብሎ ሌላ አሠራ፤ እሷ በ57 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

ባለበቅሎው፦ ገመዷን አስረው?

ባለጀልባው፦ የተማሩት ያንን ነዋ።

ባለበቅሎው፦ እኛም ጋ እንዲህ ያለች ጠፍር አለች፤ ከኮርቻው ተነስታ በጭራዋ ስር የምትዞረዋ። ሜዳ ላይ ምንም አትሠራም፤ ልጆቹም ጌጥ ትመስላቸውና ስትበጠስ አይቀጥሏትም። ከአሸተን ሲወርዱ ነው ዋጋዋ የሚታየው። እሷ ከሌለች ኮርቻው ከነሰውዬው ወደ አንገቷ ይንሸራተታል። እኔማ ቀጥ ያለው ቁልቁለት ላይ ሰው ተቀምጦ እንዲወርድ አልፈቅድም፤ ወርዶ ይራመድ። ቤተ ክርስቲያኑ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው ያለው፤ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋልና እረዳዋለሁ፤ ሲወርድ ግን ምን አጠረው?

ባለጀልባው፦ የከፈልኩት ለመቀመጥ ነው ሲልዎትስ?

ባለበቅሎው፦ ይላል፣ ለምን አይልም። ከመነሳታችን በፊት ነው የምነግረው፤ ተራራው ላይ ከነገርከው ጠብ ነው። ከባድም ሰው ይመጣል። የእንስሳት ሐኪሙ ሰውዬውም ኮርቻውም አንድ ላይ ከበቅሎዋ ክብደት አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል ብሎኛል። እንግዳዬን ሚዛን ላይ አላቆመው፤ በዓይኔ እለካዋለሁ፣ ከበደኝ ካልኩ ለዳማዪቱ እሰጠዋለሁ ወይም በእግርህ ይሻልሃል እለዋለሁ። ይከፋዋል። ይክፋው!

ባለጀልባው፦ በእግሯ የሄደች አንዲት አየርላንዳዊት ነበረች፤ ዴርቭላ መርፊ። ያቺ እንኳ ትስማማዎት ነበር። በንጉሡ ዘመን ከሰሜን ተነስታ በላሊበላ በኩል አድርጋ አዲስ አበባ ወረደች። ጆክ የሚባል በቅሎ ነበራት፤ ስንቅና ዕቃዋን እሱ ይሸከማል፣ እሷ ትራመዳለች። በ1968 በፈረንጅ ባሳተመችው መጽሐፍ ርዕስ ላይ ሁሉ በቅሎ አግብታለች።

ባለበቅሎው፦ ስም ሰጥታ፣ ሳትጫነው? የገባት ሴት ናት። መቄት ላይም የገበሬዎቹ የእንግዳ ማረፊያ ሲጀመር እንዲህ ነው ያደረጉት፤ ጓዙን አህያ ይይዛል፣ እንግዳው በእግሩ። ለአህያ ጀርባ ራርተው አይደለም፤ እንግዳው ራሱ ለመራመድ የመጣ ስለሆነ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ደግሞ ጉልበቱ ያልቻለ ነው። ሥራዬ እሱ ነው፤ አላማርርም።

ባለጀልባው፦ ገና ስለሆነ አሁን ሥራው ከባድ አይሆንም?

ባለበቅሎው፦ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ተሳላሚው ከየአገሩ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ በቅሎ አይከራይም፣ መከራየትም አያምርበት። ታኅሣሥ 29 መንገዱ ሁሉ ሰው ነው፤ በቅሎ ማለፊያ የለውም። የገና ዕለት በቅሎዎቼ ከበረት አይወጡም። ሥራ የሚበዛው ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ፣ እስከ ጥምቀት ድረስ ነው። በዓሉ ለእነሱም በዓል ነው።

ባለጀልባው፦ ሌላ ጊዜስ ያርፋሉ?

ባለበቅሎው፦ አንዷ ሁለት ቀን ከሠራች ሦስተኛውን ቀን ትቆማለች። በዚያ ቀን ሰኮናዋን አያለሁ፤ ጠጠር ገብቶ ሰንብቶ ከሆነ ማንከስ ትጀምራለች። ከክረምት መውጫ ጀምሮ ደግሞ አፏንና አፍንጫዋን እከፍታለሁ፤ ከምንጭ ስትጠጣ አልቅት ይገባባታል፣ ልጓም ስትጎርስ ደም ታያለህ። ያበጠ ጀርባ ካለ አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ጨው ባለው ውሃ አጥባለሁ። ከተከፈተ ግን ሐኪም ነው፤ በቅሎና ፈረስ መንጋጋ ቆልፍ ቶሎ ይይዛቸዋል። እነሆ ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው ገንዘብ በማታመጣበት ቀን ነው። ጎረቤቶቼ «ቆማ በላች» ይሉኛል።

ባለጀልባው፦ ቆማ መብላቷንማ ያውቁታል። ያን ክፉ ዘመን...

ባለበቅሎው፦ አታንሳው። መጋቢት 2012 ኮሮና መጣ፣ እንግዳ ጠፋ። ይመለሳል ስንል ሐምሌ 2013 መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ከተማው ድረስ ገባ። ትንሽ ተነፈስን ስንል ነሐሴ 2015 ደግሞ ተኩስ። አንተ ጀልባህን ገልብጠህ ትቆልፋለህ፤ የእኔዋ ግን እንግዳ መጣም ቀረም ማታ ገለባዋን ትጠይቃለች። ከእኛ መካከል በቅሎውን የሸጠ ብዙ ነው። የሸጠ ሰው አሁን እንግዳ ብቅ ሲል ምን ይዞ ይመለስ? ኮርቻው እንኳ ተሰነጣጥቋል።

ባለጀልባው፦ ጀልባም ቆሞ ደህና የሚቆይ መስሎዎት ነው? ቤንዚኑ ውስጡ ሰንብቶ ይበላሻል፣ ካርቡራተሩን ይደፍነዋል። ጎማ ጎማው ይደርቃል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለብን፤ ቆሞ የከረመ ጀልባ ሲንቀሳቀስ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ያላየው ሰው ሞተሩን ሲያስነሳ ያቃጥለዋል። ከተሠራበት ይልቅ ያልተሠራበት ሞተር ነው ያስከፈለኝ። ግን እውነትዎን ነው፣ አይርበውም።

ባለበቅሎው፦ አይርበውም።

ባለጀልባው፦ አሁን ያን ልጅ ምን ሊያደርጉት ነው? ኮርቻ ያቀያየረውን።

ባለበቅሎው፦ ምን አደርገዋለሁ? ነገሩ የእኔ ነው። ልጁ የሚከፈለው በሄደበት ነው። «ጠፍሩ ተበጥሷል» ካለኝ በቅሎዋ ትቀራለች፤ በቅሎዋ ከቀረች የዕለት እንጀራው ቀረ። ጉርሻውም ቀረ። ማን ነው በራሱ ላይ የሚናገረው? ዝም እንዲል የከፈልኩት እኔ ነኝ።

ባለጀልባው፦ እኔም ጋ ልጆቹ በደንበኛ ቁጥር ነው የሚከፈላቸው። ሦስት ቁጥሩ ካያክ ውሃ ያስገባል ብሎ የነገረኝ የለም።

ባለበቅሎው፦ እንግዲህ አሁን ያሰብኩት፣ ጉዳት አይቶ የነገረኝ ልጅ በቅሎዋ ብትቀርም ግማሽ ቀኑን ልከፍለው ነው።

ባለጀልባው፦ ግማሽ? እሱማ አሁንም ይከስራል። ሙሉውን ከከፈሉት ደግሞ በየቀኑ ቁስል ይፈጥርልዎታል፤ ቁጭ ብሎ መብላት ነዋ!

ባለበቅሎው፦ ይፍጠር። ጀርባዋ እዚሁ ፊቴ ነው፤ ውሸት ከሆነ ዳስሼ አውቃለሁ። ሐሰት የሚናገር አያስፈራኝም፤ የማይናገር ነው የሚያስፈራኝ።

ባለጀልባው፦ እኔ ግን አልችልም፣ ጋሼ። ሦስት አራት ልጅ ላልተሠራ ሥራ ስከፍል፣ ደላላው ድርሻውን ሲወስድ፣ ቤንዚኑ በየጊዜው ሲጨምር... እኔ ደብተር ነው የምይዘው። እያንዳንዱ ካያክ ላይ ቁጥሩን እጽፋለሁ፤ ሲመለስ ልጁ ስንት ውሃ እንደወጣ ይጽፋል፣ ይፈርማል። ካልጻፈ ክፍያ የለም።

ባለበቅሎው፦ «ምንም አልወጣም» ብሎ ይጽፍልሃላ።

ባለጀልባው፦ እርግጥ ነው... ባልዲው ውስጥ እንዲያጠራቅመውና እንዳየው ባደርግስ?

ባለበቅሎው፦ አንተ ማታ ማታ እዚያ ካለህ ጥሩ። ከሌለህ ባልዲው ይደፋል። ደብተርህ ያንተን ዓይን አይተካም፤ የእኔም ግማሽ ቀን የእኔን ዓይን አይተካ ይሆናል። ሞክረን እንየው። ስልኬ ነው የሚጮኸው? እስቲ አንሳልኝ፣ እጄ ሞራ ነው።

ባለጀልባው፦ አስጎብኚው ነው። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ለባልና ሚስት ሁለት በቅሎ ይፈልጋል። ሁለቱም ወፍራም አይደሉም ይላል።

ባለበቅሎው፦ ዳማዪቱ ትሄዳለች፤ በራሷ ኮርቻ። ቡላዪቱ አትወጣም። ሁለተኛዋን ከጎረቤቴ አመጣለሁ በለው።

ባለጀልባው፦ ያቺን ጀርባዋ ላይ ነጭ ያለባትን?

ባለበቅሎው፦ ነጩ የዳነ ነው አልኩህ። ኮርቻዋን እኔ ነኝ ያደስኩለት፤ አሁን ደህና ይቀመጥላታል።

ባለጀልባው፦ ከኪራዩስ ምን ይሰጥዎታል?

ባለበቅሎው፦ ምን ይሰጠኛል? ሙሉውን የሚወስደው እሱ ነው። ይልቅ መርፌውን አቀብለኝና ያን ሰማያዊ ገመድ ፍታልኝ።